ጥቂት ማለት ስንት ነው?

ስዊዘርላንድን ሁላችንም በስም እናውቃታለን። ሰዓት፣ ቸኮሌት፣ ባንክ… ሰላማዊ አገር ናት ይሏታል። ይህቺ ሰላማዊ አገር በኅዳር 2002 ዓ.ም. ሕዝቧን አንድ ጥያቄ ጠየቀች፦ "መስጊድ ላይ ሚናራ መሥራት ይከልከል ወይስ አይከልከል?" ድምፅ ከሰጠው ሰው 57.5 በመቶው "ይከልከል!" አለ። ክልከላው ሕገ መንግሥት ውስጥ ገባ።

ለመሆኑ ያኔ በመላ ስዊዘርላንድ ስንት ሚናራ ነበር? አራት። አዎ፣ አራት! በመቶ አይደለም፣ በሺህ አይደለም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አለቀ። ለአራት ሚናራ ሕገ መንግሥት ተሻሻለ።

ነገሩ የሚገርመው ግን እዚህ ላይ አይደለም። ውጤቱን ካንቶን በካንቶን (ክልል በክልል እንደማለት ነው) ስታዩት "ይከልከል" የሚለው ድምፅ ከሁሉም በላይ የበዛው አፐንዘል ኢነርሮደን በምትባል ተራራማ የገጠር ካንቶን ነው። ከመቶው 71 ሰው። እዚያ ሚናራ የሚባል ነገር በፖስት ካርድ ካልሆነ አይታይም። ከየአገሩ የመጣ ሰው የሚተራመስባት፣ ሚናራ ያለው መስጊድ ከነነፍሱ የቆመባት ጄኔቫ ደግሞ በአብላጫ "አይከልከል" አለች። ሚናራውን በየቀኑ የሚያየው ሰው አልፈራውም። የፈራው አይቶት የማያውቀው ነው።

ይሄ የስዊዞች ብቻ ጠባይ ቢሆን ኖሮ ሰዓታቸውን አስረን ዝም እንል ነበር። ግን አይደለም። ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2016 የአውሮፓ ሰዎችን "በአገራችሁ ስለሚኖሩ ሙስሊሞች ያላችሁ አመለካከት ምንድን ነው?" ብሎ ጠይቆ ነበር። በሃንጋሪ 72 በመቶው፣ በፖላንድ 66 በመቶው "ጥሩ አይደለም" አለ። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሙስሊሞች የሚኖሩባቸው ፈረንሳይ፣ ጀርመንና እንግሊዝስ? 29፣ 29 እና 28 በመቶ። ሃንጋሪ እ.ኤ.አ. በ2011 ሕዝቧን ስትቆጥር ከአሥር ሚሊዮን ሰው ውስጥ "ሙስሊም ነኝ" ብለው የተመዘገቡት ስድስት ሺህ አይሞሉም ነበር። አስቡት እንግዲህ፣ አብዛኛው ሃንጋሪያዊ ዕድሜውን ሙሉ አንድ ሙስሊም ሳያነጋግር ሊሞት ይችላል። ግን ይጠላዋል።

"የማያውቁት አገር አይናፍቅም" ይላል ያገሬ ሰው። የማያውቁት ሰው ግን ያስፈራል።

ለምን? እኔ እንደሚገባኝ ጥላቻ ወሬ ነው፤ ወሬ ደግሞ ምስክር ይፈራል። ስለ ሙስሊም የሚወራ ክፉ ነገር ፓሪስ ላይ ሲወራ፣ ሰሚው ዳቦ የሚሸጥለትን፣ ጥርሱን የሚነቅልለትን፣ ልጁን የሚያስተምርለትን ሙስሊም ያስታውሳል። "እሱ እንኳ እንዲህ አይደለም" ይላል። ወሬው ሙሉ በሙሉ ባይሞትም ያነክሳል። ሃንጋሪ ገጠር ላይ ግን የሚያስተባብል ሰው የለም። ሃይ ባይ ያጣ ወሬ ዐሥር ልጅ ይወልዳል። በዚያ ላይ የሃንጋሪ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ድንበሩን በሽቦ አጥሮ፣ በየመንገዱ ስደተኛ የሚያስፈራራ ማስታወቂያ ሰቅሏል። ወሬውን መንግሥት ራሱ ካወራው ደግሞ ማን ያቆመዋል?

እስከዚህ ድረስ ፈረንጅ ላይ ፈርደን በደስታ ልንለያይ እንችላለን። መቼስ በሰው አገር ዘረኝነት ላይ መፍረድ የሚጣፍጠን ሰዎች ነን! ግን ወደ ቤታችን እንግባ።

*

ፈረንጆቹ የሌለውን ሙስሊም አብዝተው ያያሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 ኢፕሶስ የተባለ ተቋም ፈረንሳዮችን "ከመቶ ሰው ስንቱ ሙስሊም ይመስላችኋል?" ብሎ ሲጠይቃቸው በአማካይ 31 ብለው ነበር። እውነተኛው ቁጥር 7.5 አካባቢ ነው። አራት እጥፍ ጨመሩበት።

እኛ ደግሞ ለብዙ ዘመን ተቃራኒውን ስንሠራ ኖረናል። ያለውን ሙስሊም እንደሌለ አየነው።

አፄ ምኒልክ በ1883 ዓ.ም. ለአውሮፓ ነገሥታት በላኩት ደብዳቤ ኢትዮጵያን በአረመኔ ባሕር የተከበበች የክርስቲያን ደሴት አድርገው ገለጿት። ደብዳቤው የፖለቲካ ደብዳቤ ነው፤ ቅኝ ገዥ አፍሪካን ሲቀራመት "እኛ እንደናንተው ክርስቲያን ነን፣ ተዉን" ለማለት ነበር። ብልጠቱ ይገባኛል። ችግሩ ከደብዳቤው በኋላ እኛው ራሳችን አመንነው። ደሴቲቱ ውስጥ ግን ወሎ ነበረ፣ ጅማ ነበረ፣ ሐረር ነበረ፣ የጎንደርና የትግራይ ሙስሊም ነጋዴ ነበረ። እነሱ የት ሄዱ? ባሕሩ ውስጥ ተቆጠሩ።

ቀጥሎ አንድ ሐረግ መጣ፦ "በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች"። ልብ በሉ፣ "የኢትዮጵያ ሙስሊሞች" አይደለም። "የሚኖሩ" ናቸው። እንደ ግሪኩ ባለሱቅ፣ እንደ አርመኑ ወርቅ አንጥረኛ፣ መጥተው የሚኖሩ! ሰማይ ምሰሶ እንደሌለው ሁሉ እስላምም አገር የለውም የሚል ተረት የሚተረተው ይሄኔ ነው። ተረት ብቻም አልነበረም። በሰሜኑ ደጋ ሙስሊም ርስት እንዳይኖረው ሆኖ ስለኖረ በንግድና በሽመና መተዳደር ግድ ሆነበት። ከዚያ ደግሞ "እነሱማ ንግድ ነው የሚወዱት" ተባለ። መሬት ከልክለህ ስታበቃ "ለምን አታርስም?" ማለት እኮ ነው።

ይህ ሐረግ አደባባይ ላይ የተሞገተው ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ነው። በዚያ ቀን አዲስ አበባ በመቶ ሺህ የሚገመት ሰው ለሙስሊሞች እኩልነት ሰልፍ ወጣ። ክርስቲያኖችም አብረው ወጥተው ነበር። የሰልፈኞቹ አንዱ ጥያቄ "በኢትዮጵያ የሚኖሩ" መባሉ ይቅርና "ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች" እንባል የሚል ነበር። አንድ ማስተካከያ፣ ሁለት ቃል! ብዙም ሳይቆይ ደርግ ዒድ አልፈጥርን፣ ዐረፋንና መውሊድን የሕዝብ በዓል አደረገ። በሌላ በኩል ሕጉን እዩት፦ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የሕግ ሰውነቷ ታውቋል፤ የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት ግን በአዋጅ የታወቀው በ2012 ዓ.ም. ነው። ስድሳ ዓመት ልዩነት። እዚህ መሀል ሦስት መንግሥት ተቀያይሯል።

ቁጥሩን ካላችሁ፣ በ1999ኙ የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከ73 ሚሊዮን በላይ ከሆነው ሕዝብ 25 ሚሊዮኑ፣ ማለትም ከመቶው 34 ያህሉ ሙስሊም ነው። ከዚያ ወዲህ ቆጠራ አልተካሄደም። ከሦስት ሰው አንዱ ማለት ነው። ሃያ አምስት ሚሊዮን ሰው "ጥቂት" ተብሎ የኖረባት አገር ከሆነች፣ "ጥቂት" የሚለው ቃል ቁጥር አይደለም ማለት ነው። ዓይን ነው። ፈረንሳዩ በፍርሃት አበዛው፣ እኛ በንቀት አሳነስነው። ሁለታችንም ሳንቆጥር ነው የገመትነው።

*

አሁን ወደ መቱ ልውሰዳችሁ። መቱ ለማታውቁ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ 600 ኪሎ ሜትር አካባቢ፣ በጫካና በዝናብ መሀል ያለች ከተማ ናት። ሶር ፏፏቴ እኛ ጋ ነው። ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. የመዘገበው የያዮ የቡና ጫካም ጎረቤታችን ነው። የጥንቱ የኢሉባቦር ዋና ከተማ ጎሬ ነበረች፤ ኋላ ማዕረጉ ወደ መቱ ወረደ። (ጎሬዎች እስካሁን አልረሱልንም።)

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ልማር ስመጣ፣ ከሰሜን ከተማ የመጣች የዶርም ጓደኛዬ "ኢሉባቦርም ሙስሊም አለ እንዴ?" ብላኝ ነበር። ጥሩ ልጅ ናት፤ ክፋት አልነበረውም ጥያቄው። ባደገችበት ከተማ ሙስሊም ማለት ሁለት ሦስት ሱቅ ነው። ስለዚህ "እነሱ ግን አይከብዱም? እንዴት አብራችሁ ትበላላችሁ?" ስትለኝ ከልቧ ልታውቅ ፈልጋ ነው።

ኢሉባቦር ሙስሊም አለ። ከጥንቱ የጉማ መንግሥትና ከጅማ ነጋዴዎች ጋር የመጣ እስልምና አለ። በ1977ቱ ድርቅ ደርግ ከወሎ አምጥቶ ያሰፈራቸው ሰዎች ይዘውት የመጡት አለ። ከጉራጌና ከስልጤ መጥቶ ገበያውን የሚያንቀሳቅሰው ነጋዴ አለ። በአንድ ቤት ውስጥ ወንድም ክርስቲያን፣ እህት ሙስሊም የሆኑበት አለ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ የአባቴ እህት ሙስሊም ናት፤ አግብታ ነው የሰለመችው። በረመዷን ለማፍጠሪያ ሳምቡሳ የምትልክልን እሷ ናት፣ በፋሲካ ዶሮውን በሙስሊም አሳርደን የምንጠብቃት እኛ ነን።

አብሮ መብላቱስ? ሠርግ ስንደግስ ከብት ሁለት ቦታ ይታረዳል። የሙስሊሙን ሙስሊም ያርዳል፣ ወጡን ሙስሊም ሴቶች ይሠሩታል፣ ድስቱና ጭልፋው ይለያል። ድንኳኑ ግን አንድ ነው። ማንም "ለምን ተለየ?" ብሎ አይቀየምም፤ እንዲያውም ያልለየ ባለድግስ ነው የሚታማው፣ "እንግዳውን ሳይበላ ሸኘው" ተብሎ። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ከአጥር ወዲያ "ኮቱ፣ ቡነ ዹጊ!" (ነይ፣ ቡና ጠጪ) የሚለው ድምፅ የማንን ሃይማኖት አይጠይቅም። ቡና ጠጥቶ ሃይማኖቱ የረከሰበት ሰው መቱ ላይ አልሰማሁም።

እዚህ ላይ "ስለዚህ አብሮ መኖር መድኃኒት ነው" ብዬ ብጨርስ ደስ ይላል። አልጨርስም። እውነት አይሆንማ።

በመስከረም 1999 ዓ.ም. ያኔ የኢሉባቦር ዞን በነበረው የዴዴሳ ወረዳ፣ ደምቢ ላይ፣ በመስቀል በዓል ሰሞን ግጭት ተነሳ። ነገሩ ተዛምቶ ጅማ ዞን ቤሻሻ ደረሰ። ሰው ሞተ፣ ቤተ እምነት ተቃጠለ። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ጅማ ዞን አሰንዳቦ አካባቢ ቁርኣን ተዋረደ በሚል ወሬ በርካታ የፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት ጋዩ። እነዚህ ሰዎች ጎረቤት ነበሩ። ቡና አብረው ጠጥተዋል፣ ገበያ አብረው ውለዋል። ታዲያ የስዊዙ ቲዎሪዬ የት ገባ?

ቲዎሪው አልወደቀም፤ ጎዶሎ ነበር። ጎረቤትህን ማወቅ ወሬን ያዳክማል እንጂ አይገድልም። በ1990ዎቹ በየከተማው የተሸጠው የሃይማኖት ክርክር ካሴትና ሲዲ ጎረቤትህን ከማያውቅ ሰው አፍ የመጣ ወሬ ነበር። ጎረቤቱ የራሱ ስም እያለው "እነሱ" የሚል ሌላ ስም ወጣለት። ዛሬ ሲዲው ሞቷል፣ ቲክቶክና ቴሌግራም ተክቶታል፤ ሰባኪው አሜሪካ ተቀምጦ የደምቢን ሰው ከጎረቤቱ ያጣላዋል። ያ ሰው ያለቡና እየጣደ ነው!

ደግሞም አንድ ነገር አስተውሉ። ቤሻሻና አሰንዳቦ ላይ ጥቂት የነበረው ክርስቲያኑ ነው። ታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ሞጣ ላይ አራት መስጊድ ሲቃጠል ጥቂት የነበረው ሙስሊሙ ነው። ሚያዝያ 2014 ዓ.ም. ጎንደር ላይ በአንድ ሙስሊም ሽማግሌ ቀብር ላይ ሰው ሲገደል ጥቂት የነበረው ሙስሊሙ ነው፤ በቀናት ውስጥ ስልጤ ወራቤ ላይ አብያተ ክርስቲያናት ሲቃጠሉ ጥቂት የነበረው ክርስቲያኑ ነው። ሃይማኖቱ ይቀያየራል፣ የሚመታው ያው ጥቂቱ ነው። በኢትዮጵያ ካርታ ላይ የሆነ ቦታ ጥቂት ያልሆነ ሰው የለም። አዲስ አበባ ላይ ደረቱን የነፋ ሰው አፋር ላይ አንገቱን ይደፋል።

*

"እሺ፣ ሁሉም እኩል ነው ማለትሽ ነው?" እንዳትሉኝ። አይደለም። በየሰፈሩ ሁላችንም ጥቂት ልንሆን እንችላለን። በአገር ደረጃ ግን "ነዋሪ" ተብሎ የተጻፈው አንዱ ነው። ይህ ትዝታ እስካሁን ይሠራል።

በጥር 2017 ዓ.ም. አክሱም ላይ የሆነውን አስታውሱ። በከተማዋ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሒጃብ የለበሱ ሴት ተማሪዎች "አውልቃችሁ ግቡ" ተባሉ። የትግራይ እስልምና ጉዳዮች ምክር ቤት እንዳለው ከ150 በላይ ተማሪዎች ከ12ኛ ክፍል ፈተና ምዝገባ ውጭ ሆኑ። መቀሌ ላይ ሰልፍ ተወጣ፣ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፣ ፍርድ ቤቱም ክልከላው ለጊዜው እንዲታገድ አዘዘ። አንዲት ልጅ ዐሥራ ሁለት ዓመት ተምራ፣ በዚያ ላይ የሁለት ዓመት ጦርነት አሳልፋ፣ ጦርነቱ የሰረቃትን የትምህርት ዘመን በስንት መከራ አካክሳ፣ መጨረሻ ላይ በአንድ ክንድ ጨርቅ ፈተና ታጣ? ፈተናው እኮ የሚፈትነው ሒሳብ ነው!

አክሱም ከተማ ውስጥ መስጊድ እንደሌለ ታውቃላችሁ። "መካ ላይ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ እኛም እንፈቅዳለን" የሚለው መልስም ይታወቃል። በትግራይ ሙስሊሙ በ1999ኙ ቆጠራ ከመቶ አራት ነው። ስዊዘርላንድም ከመቶ አምስት ገደማ ነበረች። ልዩነቱ ምንድን ነው? አክሱም ስዊዘርላንድ የሌላት ታሪክ አላት። የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች በ7ኛው መቶ ዘመን መካ ላይ ጥቂት ሆነው ሲሳደዱ የሸሹት ወደ አክሱሙ ንጉሥ ነው። ንጉሡ ክርስቲያን ነበር፤ አሳልፎ አልሰጣቸውም። መላው የሙስሊም ዓለም ይህን ታሪክ ያውቃል፣ እኛም ቱሪስት በመጣ ቁጥር እንኮራበታለን። ለእንግዳው የምንተርከውን ደግነት ለተወላጇ ልጅ መንፈግ ምን ይባላል?

"መካ ላይ…" የሚለውን መልስ ግን ዝም ብዬ አላልፈውም፤ አስተያየት መስጫው ላይ ዐሥሮቻችሁ እንደምትጽፉት አውቃለሁና። ሳዑዲ ቤተ ክርስቲያን አትፈቅድም፤ እውነት ነው፣ በደልም ነው። ግን የአክሱሟ ተማሪ የሳዑዲ ንጉሥ አይደለችም። አያቷ እዚያው አክሱም ነው የተወለደው። የሳዑዲን ዕዳ ከእሷ መቀበል ጎረቤትህ ያልመለሰልህን ብር ከልጅህ ኪስ እንደ መውሰድ ነው። ደግሞስ "በኢትዮጵያ የሚኖሩ" የሚለው አሮጌ ሐረግ ከዚህ በምን ይለያል? አገሯ ሌላ ቦታ ነው ማለት እኮ ነው።

ጥቂት መሆን ምን እንደሚመስል ደግሞ ከኛ በላይ ማን ያውቃል? ስንት የኢትዮጵያ ክርስቲያን ልጅ ነው ሥራ ለማግኘት ስሟን በሙስሊም ስም ቀይራ ወደ አረብ አገር የሄደችው? መስቀሏን ከአንገቷ አውጥታ ሻንጣ ውስጥ የደበቀችው? ይህን ሰምተን አልቅሰናል። እንባችን ትክክል ነበር። ያው እንባ ለሒጃቡም ይድረስ ነው የምለው።

*

ወደ ራሴ ሙያ ልምጣ። ጋዜጠኝነት ነው የተማርኩት፤ ክፍል ውስጥ የመጀመሪያው ትምህርት "ፍርድ ቤት ያልፈረደበትን ሰው ወንጀለኛ አትበሉ" የሚል ነው። በጥር 2005 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን "ጂሃዳዊ ሐረካት" የሚል ዘጋቢ ፊልም አሳየን። "ድምፃችን ይሰማ" እያሉ ሲጠይቁ የታሰሩት የሙስሊሙ መፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴ አባላት ጉዳይ ገና በችሎት ላይ ነበር። ፊልሙ ግን ፈርዶ ጨርሶ ነበር። ያን ማታ ሙስሊም ጎረቤት የሌለው ስንት ቤት ሙስሊምን ለመጀመሪያ ጊዜ "ተዋወቀ"? በአስፈሪ ሙዚቃ ታጅቦ፣ ካቴና አጥልቆ። የሃንጋሪ ማስታወቂያና ይሄ አንድ ናቸው። ምስክር የሌለበት ቤት ገብተው ወሬ ተከሉ።

ዛሬም ቢሆን ሙስሊም ሚዲያችን ላይ መቼ ይመጣል? አንድ በረመዷን፣ አንድ በዒድ፣ ሌላው ግጭት ሲኖር። ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ቡና ዋጋ፣ ስለ ልጅ አስተዳደግ የምንጠይቀው ሰው ስሙ አሕመድ ወይም ዘሃራ ሲሆን ብዙ ጊዜ አናይም። ሰውን በበዓሉና በችግሩ ብቻ የምታውቀው ከሆነ አታውቀውም።

ሌላ ትንሽ የምትመስል ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ቤት ስንከራይ ደላላው ስልክ ላይ ቀድሞ የሚጠይቀው "ሃይማኖት?" ነው። ሒጃብ የምትለብስ የሥራ ባልደረባዬ ሦስት ቦታ "ቤቱ አሁን ገና ተያዘ" ተብላለች፤ አንደኛው ቤት ከሳምንት በኋላም ማስታወቂያው አልወረደም ነበር። ሙስሊም አከራይም "ለሙስሊም ብቻ" ይላል፤ እሱንም አልወደውም። ግን ውጤቱን አስቡት፦ አንድ ትውልድ በሙሉ ከራሱ ሃይማኖት ሰው ጋር ብቻ ግቢ እየተጋራ ሊያድግ ነው። ሙስሊም ጎረቤት የነበራት አዲስ አበባ በደላላ ጥያቄ ቀስ እያለች አፐንዘል ልትሆን ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ፣ ቢሆንም ሦስት ነገር ልበል።

አንደኛ፣ ፈተና ይከበር። ምንም ዓይነት የአለባበስ ክርክር ቢኖር ልጅ ተፈትና ካበቃች በኋላ ሽማግሌውም ፍርድ ቤቱም ይከራከር። የትምህርት ዘመን እንደ ሚናራ ተመልሶ አይሠራም።

ሁለተኛ፣ ቃላችንን እናስተካክል። "እስላም" የሃይማኖቱ ስም ነው፤ ሰውየው ሙስሊም ነው፤ ብዙዎች "እስላም" ሲባሉ እንደ ስድብ ይሰማቸዋል። አንድ ፊደል አያስከፍልም። በ1966 የተጠየቀችው ሁለት ቃል እኮ እስካሁን በየአፋችን ተሟልታ አልገባችም።

ሦስተኛ፣ ሠርጋችንን አስቡ። አንዳንድ ሰው መቻቻል ሲባል ልዩነቱን መርሳት ይመስለዋል፤ "ሁላችንም ያው ነን" ይልና የሙስሊሙን ድስት ይረሳዋል። ያው አይደለንም። የመቱ ባለድግስ ያው እንዳልሆንን ያውቃል፣ ስለዚህ ነው ሁለት ቦታ የሚያርደው። ሒጃቡም፣ ጾሙም፣ ሶላቱም፣ ነጠላውም የዚያ ሁለተኛ ድስት ዓይነት ነው። ወጪ አለው፣ ድካም አለው፣ እንግዳው ግን ጠግቦ ይሄዳል።

ደምቢ ላይ ይህ ሁሉ ሥርዓት ነበረ፤ አንድ መስከረም ግን አላዳናቸውም። ስለዚህ ተደግሶ ስለተበላ አደራው አለቀ ማለት አይደለም። ወሬው በመጣ ቁጥር "እኔ የማውቀው እንዲህ አይደለም" የሚል ሰው ያስፈልጋል፤ በመስጊዱም በቤተ ክርስቲያኑም፣ በቤተሰብ የቴሌግራም ግሩፕ ላይም። ከሁሉም የሚከብደው ይሄኛው የመጨረሻው ነው። አጎትህ የለጠፈውን ቪዲዮ "ጋሼ፣ ይሄ ነገር ውሸት ነው" ማለት ከሰልፍ ይከብዳል። ሞክሩት እስቲ።

በሉ ቸር ሰንብቱ። አስተያየት መስጫው ክፍት ነው፤ "መካ" ብላችሁ የምትጀምሩ ግን መጀመሪያ ቡና ጠጡ።